በማካሮቭ ላይ ባትሪ ይገጠማል ወይ? ለመጋዘን ጥበቃ የሽጉጥ መብራት አመራረጥ

ጥያቄውን የላኩልን በጅማ ከተማ የአንድ ቡና መጋዘን የጥበቃ ኃላፊ ናቸው። ድርጅታቸው ፈቃድ ያላቸው አንድ ማካሮቭና አንድ ግሎክ 17 ሽጉጥ አሉት። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ተረኞቹ በአንድ እጃቸው የስልክ መብራት፣ በሌላው ሽጉጥ ይዘው ግቢውን ይዞራሉ። ኃላፊው ገበያ ላይ ሲአር123ኤ የተባለ አንድ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚወስድና ካርቶኑ ላይ «3000 ሉመን» የሚል የተጻፈበት የሽጉጥ ባትሪ አግኝተው፣ ለሁለቱም ሽጉጦች ቢገዙት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

ለማካሮቩ ምንም ዓይነት የሚገጠም ባትሪ አይግዙ፤ ለግሎኩም ይህኛውን አይግዙ። አስቀድመው ለእያንዳንዱ ተረኛ አንድ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ይግዙ።

የእጅ ባትሪውን ያስቀደምኩት፣ መብራት ሽጉጥ ላይ ሲገጠም ብርሃኑና አፈሙዙ አብረው ስለሚዞሩ ነው። ተረኛው ለማየት የፈለገውን ሁሉ አነጣጥሮበታል ማለት ነው። በሌሊት ከጆንያ ክምር ጀርባ የሚንኮሻኮሸው ደግሞ እዚያው ያደረ ወዛደር፣ መኪናውን ሊያይ የወጣ ሾፌር ወይም የራሱ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፈለጊያውና ማንነት ማጣሪያው የእጅ ባትሪ ነው፤ ሽጉጡ ላይ ያለው መብራት የሚበራው ሽጉጡን ማውጣት በሕግም በሁኔታውም ተገቢ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ተረኞቹ በደንብ ሳይለማመዱት የሽጉጥ መብራት እንዲሰጣቸው አልመክርም።

የማካሮቩ ጉዳይ የአሠራር ጉዳይ ነው። ማካሮቭ በሶቪየት ኅብረት ሠራዊት አገልግሎት ላይ የዋለው በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከቃታ መከላከያው ፊት ለፊት መብራት የሚያያዝበት ሐዲድ የለውም። አንዳንድ ሻጮች በቃታ መከላከያው ላይ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ያቀርባሉ። ሆኖም በማካሮቭ ላይ የቃታ መከላከያው ተንቀሳቃሽ አካል ነው፤ ሽጉጡ ለጽዳት ሲፈታ ወደ ታች የሚሳበው እሱ ነው። እዚያ ላይ የታሰረ ማያያዣ መፍታቱን ያስቸግራል፣ በተኩስ ርግጫ ይላላል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማብሪያውን ከቃታው አጠገብ ያስቀምጠዋል። በድንጋጤ ላይ ያለ ጣት ሁለቱን አይለይም። ብረቱን በስቶ ወይም በይዶ ሐዲድ እሠራለሁ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ሽጉጡን አይስጡት።

ግሎክ 17 ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ሐዲድ አለው፤ ከቃታ መከላከያው ወደ አፈሙዙ ባለው የአካሉ የታችኛው ጎን ላይ የተቀረጸውን ጎድጎድ በዓይንም በጣትም ያገኙታል። ከሌለው የማካሮቩ ምክር ለእርሱም ይሠራል።

አሁን ወደ «3000 ሉመን» እንምጣ። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት በግምት 100 ሉመን ይሰጣል ብንል፣ 3000 ሉመን 30 ዋት ይፈልጋል። አንድ ሲአር123ኤ ድንጋይ 3 ቮልት ሲሆን የሚይዘው 1.5 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ በጠቅላላው 4.5 ዋት ሰዓት። ስለዚህ በወረቀት ላይ እንኳ ከ9 ደቂቃ አይበልጥም፤ በተግባር ደግሞ ያ ድንጋይ 10 አምፔር ያለማቋረጥ መስጠት አይችልም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እውነት አይደለም፤ ቁጥሩን የዋሸ አምራች ስለ ማብሪያውና ስለ ብሎኑ የሚናገረውንም አላምነውም።

ለእርስዎ ግቢ ከሉመን ይበልጥ የሚጠቅመው ካንዴላ ነው፤ ብርሃኑ መሐል ላይ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ ይነግራል። ካንዴላውን በርቀቱ ካሬ ሲያካፍሉት ዒላማው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በሉክስ ያገኛሉ። ለምሳሌ ስትሪምላይት ከተባለው አምራች የሽጉጥ መብራቶች ቲኤልአር-1 ኤችኤል 1000 ሉመንና 20,000 ካንዴላ ሲሆን፣ ትንሹ ቲኤልአር-7ኤ 500 ሉመንና 5,000 ካንዴላ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ በ10 ሜትር ርቀት ትንሹ 50 ሉክስ ስለሚሰጥ የሰውን እጅና የያዘውን ነገር ለመለየት ይበቃል። 40 ሜትር ርዝመት ባለው ግቢ ጫፍ ላይ ግን ትንሹ ወደ 3 ሉክስ ይወርዳል፤ ትልቁ 12.5 ሉክስ ይሰጣል። ካርቶን ላይ «283 ሜትር» የሚል ካዩ፣ ያ ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበት ርቀት ነው፤ ይህም እንደ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያለ ስለሆነ ሰው የሚለዩበት ርቀት አይደለም። አንሲ ኤፍኤል1 የተባለው የመለኪያ ደረጃ ምልክት ያለበትን ካርቶን ይምረጡ።

ጥንካሬው ሲበዛም ጉዳት አለው። በኖራ የተቀባ ግድግዳና የቆርቆሮ በር ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይረጫል፤ በክረምት ጭጋግም እንዲሁ። ጥበቃው በአብዛኛው መጋዘኑ ውስጥ ከሆነ እኔ ትንሹን እመርጣለሁ፤ ሰፊው ግቢ የሚያሳስብዎት ከሆነ ትልቁን ይውሰዱ። ለጅማ ዝናብ አይፒኤክስ7 የተባለ፣ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቋቋም ቢሆን ይመረጣል።

ትልቁ ሁለት ሲአር123ኤ ድንጋይ ይወስዳል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አሮጌና አዲስ አያቀላቅሉ። መጠኑ ስለተመሳሰለ ብቻ 16340 የተባለውን በቻርጅ የሚሞላ ድንጋይ አይክተቱ፤ ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚሆን ሁለቱ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ፤ መብራቱ የተሠራው ግን ለ6 ቮልት ነው። ሲአር123ኤ በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት ስላልሆነ፣ ከመብራቱ ጋር መጠባበቂያ ካላገኙ አይግዙ።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገሮች ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ሕጉ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን መሠረት አድርጎ ፈቃዱን የሰጠዎትን አካል ተጨማሪ ዕቃ መግጠም ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለተኛው አፎቱ ነው፤ መብራት የተገጠመለት ሽጉጥ በአሮጌው አፎት አይገባም፤ በግድ ቢገባ ደግሞ የቃታው ቦታ ክፍት ይቀራል። ለዚያው ሽጉጥና ለዚያው መብራት የተሠራ አፎት ካልተገኘ ግዢው ይቅር።

ሲገጥሙ ጥይት በሌላ ክፍል ይሁን። ካዝናውን ያውጡ፣ የላይኛውን ተንሸራታች ወደ ኋላ ስበው ጥይት መጉረሻውን በዓይንዎም በጣትዎም ይፈትሹ፣ አፈሙዙን ወደ ጠንካራ ግድግዳ ያዙሩ። መብራቱ ከጎን የሚያያዝ ቢሆን ይመረጣል፤ እጅዎ በአፈሙዙ ፊት አያልፍም። ለግሎክ የተሠራውን መቆለፊያ ቁራጭ መርጠው ሐዲዱ ላይ ካለው አግድም ጎድጎድ ጋር ያጋጥሙ፣ ብሎኑን በሳንቲም ያጥብቁ፣ ከዚያም ብሎኑንና ማቀፊያውን የሚያቋርጥ ቀጭን የቀለም መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ላልቷል። በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ መብራቱ በርቶ እያለ ይተኩሱና፣ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ቢል ወይም ሽጉጡ ጥይት ነክሶ አልተኩስ ቢል መብራቱን አውልቀው ለሻጩ ይመልሱ። ማብሪያው በደጋፊው እጅ አውራ ጣት እንጂ በቃታ ጣት አይነካ። ከተኩስ በኋላ መስታወቱ ላይ የሚቀረው የባሩድ ጥላሸት ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ፣ ሽጉጡ በተጸዳ ቁጥር እሱም በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል።