«ፎንቱን አብሬ ልላክለት?» ላልሽው እህቴ

ኒያላ በሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የጻፍሽው የ40 ገጽ ሪፖርት አለቃሽ ማክ ኮምፒውተር ላይ 43 ገጽ ሆኖ ተከፈተ፤ የድሮው ፋይል ደግሞ ጭራሽ አይነበብም ብለሻል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩ ዓመታት ስለኖርኩ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ፎንት ነው። ማክ የራሱ ከፋ የሚባል አለው። ወርድ ኒያላን ሲያጣ ባገኘው ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋትና የመስመሩ ከፍታ ስለሚለያይ ጽሑፉ ይገፋል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ የማይለወጥ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ ስለተጻፈ ግን ሀ ያው ሀ ነው። ክፋቱ፣ የፎንት ስም የሚታይበት ሳጥን ላይ አሁንም «ኒያላ» ይላል፤ ከፋቹ ምንም የጎደለ አይመስለውም። ዊንዶውስ 10 ላይ ራሱ ኒያላ ተፈልጎ ከሚጫኑት ተጨማሪ ፎንቶች ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ከዊንዶውስ ወደ ዊንዶውስ ሲላክም አትመኚው።

አንዴ የደንበኛዬን ጽሑፍ በፍላሽ ይዤ ሌላ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የፈታኞቹ ስም አንድ ገጽ ላይ ቀርቶ የፊርማው መስመር ብቻውን ቀጣዩ ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ። አምስት ቅጂ፣ ያውም ተጠርዞ! ኪሳራው የኔ ነበር።

የድሮው ፋይልሽ ጉዳይ ሌላ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የላቲን ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ የኛን ፊደል አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው ይወጣል፤ «የ» የነበረው የሦስት አራተኛ ክፍልፋይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሌላ ፎንት መምረጥ አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም መቀየር አለበት። ከተቀየረ በኋላም ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ መሃል የገባ እንግሊዝኛ ካለ እሱንም ወደማይገባ አማርኛ ሊለውጥብሽ ይችላል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ኒያላን ገልብጠሽ በቴሌግራም አትላኪ። ፎንት እንደማንኛውም ሶፍትዌር ፈቃድ አለው፤ የዊንዶውሱ ፈቃድ ፋይሉን ሌላ ሰው ማክ ላይ መጫንን አይሸፍንም። በሱ ጽፎ ማተም ግን፣ ለንግድም ቢሆን፣ ችግር የለውም። ሁላችንም ፎንት በፍላሽ ስንቀባበል ነው ያደግነው፣ አውቃለሁ።

እኔ አሁን አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነው የምጠቀመው፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ጥሩ ነው። ሁለቱም ክፍት የፎንት ፈቃድ አላቸው፦ ለፈለግሽው ሰው መስጠት፣ ማክም ዊንዶውስም ላይ መጫን፣ ሰነድ ውስጥ መክተት ትችያለሽ። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው የተከለከለው። ወርድ ላይ ኦፕሽንስ ገብተሽ ሴቭ የሚለው ሥር ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ እንዲከት ምልክት አድርጊ። የተጠቀምሽባቸውን ፊደሎች ብቻ የሚለውን ግን ተዪው፤ አለቃሽ አዲስ ቃል ሊጨምር ሲል ፊደል ይጎድለዋል። ፎንቱ ራሱ መክተትን ከከለከለ ይህም አይሠራም፤ የሚሸጡ ፎንቶች ላይ ገጥሞኛል።

አለቃሽ የሚያነበው ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪውና ተገላገይ። የድሮውን ፋይል ደግሞ ክፈቺና ሳጥኑ ላይ የሚታየውን የፎንት ስም እዚሁ ጻፊልኝ፤ በምን እንደሚቀየር እነግርሻለሁ።