በጾመ ፍልሰታ የኮክ ኮብለር መጋገር ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። አሜሪካ ያለችው እኅቴ ኮብለር የሚባል የኮክ ጣፋጭ አሠራር አስተምራኝ ልጆቼ በጣም ወደዱት። ቅቤና ወተት፣ አንዳንድ ጊዜም እንቁላል ይገባበታል። አሁን ፍልሰታ ገብቷል፤ ሰኞ ገበያም ኮክ አለ። ቅቤውንና ወተቱን በሌላ ተክቼ ብጋግረው ጾሜን ያፈርስብኛልን? ለሙስሊም ጎረቤቶቼስ ባካፍል ነውር አለውን?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን ለመግለጽ ያህል፣ ኮብለር በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ማለትም እንደ ጆርጂያ ባሉት የተለመደ ጣፋጭ ሲሆን፣ ተልጦ የተቆራረጠ ኮክ በስኳር ታሽቶ በመጋገሪያው ሳሕን ከተነጠፈ በኋላ ከዱቄት፣ ከቤኪንግ ፓውደር፣ ከወተትና ከቅቤ የተዘጋጀ ሊጥ ተደርቦበት በኦቨን የሚበስል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኮኩ፣ ዱቄቱ፣ ስኳሩና ቤኪንግ ፓውደሩ የጾም ናቸው። የሚያፈርሱት ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ናቸው፤ ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 108፥24 ጉልበቱ በጾም እንደ ደከመ፣ ሥጋውም ቅቤ አጥቶ እንደ ከሳ የተናገረውን አባቶቻችን ለዚህ ሥርዓት ምስክር አድርገው ይጠቅሱታል።

ስለዚህ ሊጡን በዘይት ቢያሹት፣ በወተቱም ፈንታ ውኃ ወይም እናቶቻችን ለፍትፍት እንደሚያደርጉት ሱፍ ወቅጠው፣ በጥብጠውና አጥልለው የሚያገኙትን ነጭ ውኃ ቢጨምሩበት፣ የሚበላው የጾም ምግብ ነው፤ ጾምዎን አያፈርስም። (የሱፉ ውኃ ከተራው ውኃ ይልቅ ለሊጡ ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሙያው ግን የእናንተ ነው።) አንድ ነገር ብቻ ልጠቁምዎት፦ «የአትክልት ቅቤ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የጾም አይደለም፤ ወተት የተቀላቀለበትም ስላለ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይጠቀሙበት።

የምግቡ ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል። ያልጠየቁኝ ጉዳይ ግን አለና እርሱን ሳላነሣ ባልፍ መምህርነቴን የዘነጋሁ ይመስለኛል። ፍትሐ ነገሥት በዐሥራ አምስተኛው አንቀጽ ጾምን ሲተረጉም፣ ሰው በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከሉ እንደ ሆነና ይህም የፍትወት ኃይል ደክሞ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ይናገራል። ነቢዩ ዳንኤልም በጾመ ጊዜ የተወው ሥጋና ጠጅን ብቻ ሳይሆን ማለፊያ እንጀራንም ጭምር ነው። ቅቤ የሌለበት ጣፋጭ በየዕለቱ በማዕድ ላይ ቢቀርብ ከሕጉ ፊደል አንጻር የሚከሰን የለም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ቅዳሴ እስኪወጣ የሚጠብቀው ኮብለሩን እያሰበ ከሆነ፣ ቅቤው ስለ ቀረ ብቻ ሥጋ ታዘዘ ማለት አይቻልም። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ግሸን ለሱባኤ የሚሄዱ ምእመናን ቆሎና በሶ የሚቋጥሩት ሌላ የጾም ምግብ ስላጡ አይደለም።

እንዲህ ስል ግን ምድጃዎን ያጥፉ ማለቴ አይደለም። በዚሁ ጾም ውስጥ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ይውላል፤ በዚያም ቀን ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ሳትሽር ሙልሙል ይጋገራል። ሙልሙሉ የሚጋገረው ግን በዋነኛነት ጅራፍ እያጮኹ «ሆያ ሆዬ» ለሚሉት ልጆች ለመስጠት ነው፤ ለጋጋሪዋ የሚቀራት ጥቂት ነው። የእርስዎም ኮብለር በዚህ ዕለት ከሙልሙሉ ጎን ቢቀርብ እጅግ ያማረ ነው እላለሁ። ልጆችዎም ከሕፃንነታቸው ጀምረው ፍልሰታን የሚጾሙና የሚቆርቡ ከሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቢቀምሱት የሚነቅፋቸው አይኖርም። ቅቤና ወተት ያለበትን ዋናውን አሠራር ግን ለነሐሴ 16 ያቆዩት፤ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ ለማግስቱ ያድርጉት፤ ምክንያቱም የፍልሰታ በዓል የረቡዕንና የዓርብን ጾም አይሽርም።

ጎረቤቶችዎን በተመለከተ፣ በወሎ የሚኖር ሰው ይህን የሚጠይቀኝ ለማረጋገጥ ብቻ ይመስለኛል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በእርድ ሥጋ ብቻ ተለያይተው በሌላው ማዕድ ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው፤ ዱቄትና ፍሬ ደግሞ ባራኪ አያሻውም። ስለዚህ ያለ ሥጋት ያካፍሉ። ሆኖም አንዳንዱ የውጭ አሠራር በኮኩ ላይ መጠጥ ያፈስሳል፤ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቫኒላም ብዙውን ጊዜ በአልኮል የተዘጋጀ ነው። ለእነርሱ በሚሄደው ሳሕን ላይ ሁለቱንም ይተዉና ቀረፋ ይነስንሱበት፤ ሲሰጧቸውም ምን ምን እንደ ገባበት ሳይጠይቁዎት ይንገሯቸው።