ጥያቄና መልስ፦ ኬሞቴራፒ የጎዳው አንጀትና ፕሮባዮቲክ

ጥያቄ፦ የኬሞቴራፒ (የካንሰር) መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጠ አንጀትን የሚጎዳው እንዴት ነው?

መልስ፦ መድኃኒቱ የሚያጠቃው በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ነው። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ደግሞ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን የሚያድስ በመሆኑ ከዕጢው ጋር አብሮ ይመታል። ሽፋኑ ሲሳሳና ሲቆስል ውኃም ሆነ ንጥረ ምግብ በአግባቡ መምጠጥ ስለሚሳነው ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ የአንጀት ባክቴሪያዎችስ በጉዳቱ ድርሻ አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ይህን አይሪኖቴካን ከተባለው የኬሞ መድኃኒት በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ጉበት ከዚህ መድኃኒት የሚፈጠረውን መርዛማ ንጥረ ነገር ከአንድ የስኳር ዓይነት ጋር አጣብቆ ጉዳት እንዳያደርስ ካደረገው በኋላ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይልከዋል። እዚያ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ቤታ ግሉኩሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ስኳሩን ቆርጠው ስለሚያነሡት፣ ጉበት ያከሸፈው መርዝ አንጀት ውስጥ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ከሕክምናው ቀናት በኋላ ለሚመጣው ብርቱ ተቅማጥ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የባክቴሪያውን ስብጥር በፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለጥቅም ተብለው በሚወሰዱ ሕያዋን ተሕዋስያን፣ የመለወጥ ሐሳብም የሚማርከው በዚህ የተነሣ ነው።

ጥያቄ፦ በታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤት ታይቷል?

መልስ፦ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ የፊንላንድ ጥናት 150 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች ፍሎሮዩራሲል በተባለ የኬሞ መድኃኒት ሲታከሙ፣ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ የተባለውን ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት መካከል ብርቱ ተቅማጥ የያዛቸው 22 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። የሆድ ሕመማቸውም ቀለል ያለ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም) ግምገማ ጥናቶቹን በአንድነት መዝኖ የማስረጃውን አስተማማኝነት ዝቅተኛ ብሎታል፤ እኔም ፕሮባዮቲክን እንደ አጋዥ እንጂ እንደ ዋና መድኃኒት አላየውም።

ጥያቄ፦ ማንኛውም ፕሮባዮቲክ ያገለግላል?

መልስ፦ አያገለግልም። ጥቅሙ የሚለካው በዝርያው ብቻ ሳይሆን በንዑስ ዝርያውና በመጠኑ ጭምር ስለሆነ፣ በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እናቴ ኬሞ ላይ ናቸው፤ ነጭ የደም ሕዋሳቸው በጣም ወርዷል ተብለናል። ከፋርማሲ ገዝቼ ልስጣቸው?

መልስ፦ የካንሰር ሐኪማቸው ሳይፈቅዱ እባክዎ አይስጧቸው። ፕሮባዮቲክ ሕይወት ያለው ተሕዋስ ነው፤ ጤነኛ ሰውን ባይጎዳም፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ተከላካይ ሕዋሳት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርዱና የአንጀት ሽፋን ሲቆስል ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ደግሞ የካቴተሩ (ደም ሥር ላይ የሚተከለው ቱቦ) ጉዳይ ነው፦ ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የተባለው እርሾ ያለበት እንክብል በታካሚው አጠገብ ሲከፈት ብናኙ በአየር ወይም በአስታማሚው እጅ በኩል በትልቁ የደም ሥር ላይ ወደተተከለው ቱቦ ደርሶ የደም ኢንፌክሽን ያስከተለባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ስለዚህ ቱቦ የተተከለላቸው ከሆነ ይህን እርሾ እርሳቸው ባይወስዱትም እንኳ በአጠገባቸው አይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ተቅማጥ ከጀመራቸው እስከ መቼ ቤት ልጠብቅ?

መልስ፦ በጀመራቸው ዕለት ለሕክምና ቡድናቸው ያሳውቁ፤ ተቅማጥ የሚያስታግሰው ሎፐራማይድም ቢሆን በእነርሱ ምክር ይሰጥ። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሰገራቸው ደም ከቀላቀለ፣ ሽንታቸው ካነሰ ወይም ሲነሡ ካዞራቸው ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።