ካፌይክ አሲድ ከፌሩሊክ አሲድ በምን ይበልጣል?

ጥያቄ፦ ካፌይክና ፌሩሊክ አሲድ በዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ፣ በቅርጽም እጅግ የሚመሳሰሉ ፌኖሊክ አሲዶች (ሃይድሮክሲል የተያያዘበት የካርቦን ቀለበት ያላቸው አሲዶች) ሆነው ሳለ፣ ራዲካልን (ያልተጣመደ ኤሌክትሮን ያለውን ቅንጣት) በማክሸፍ ካፌይክ አብዛኛውን ጊዜ የሚልቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ በአንዲት ቦታ ላይ ነው፤ ካፌይክ አሲድ በቀለበቱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ 2 የሃይድሮክሲል (OH) ቡድኖች ሲኖሩት፣ በፌሩሊክ አሲድ ግን የአንደኛውን ቦታ የሜቶክሲ (OCH3) ቡድን ይዞታል። ፌኖሊክ አሲድ የቅባትን ኦክሲዴሽን (ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ መበላሸትን) በሰንሰለት የሚያስቀጥለውን የፐርኦክሲል ራዲካል የሚያከሽፈው ከሃይድሮክሲሉ አንድ የሃይድሮጅን አቶም በመስጠት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ እርሱ ራሱ ራዲካል ቢሆንም ያልተጣመደው ኤሌክትሮን በቀለበቱ ላይ ስለሚሰራጭ ሰንሰለቱን የማስቀጠል አቅሙ ደካማ ነው። በካፌይክ አሲድ ላይ ጎረቤቱ ሃይድሮክሲል ይህን ራዲካል በሃይድሮጅን ቦንድ ደግፎ ያረጋጋዋል፤ ቀጥሎም የራሱን ሃይድሮጅን ሲሰጥ ሞለኪዩሉ ኪኖን (የሁለቱንም ሃይድሮክሲሎች ሃይድሮጅን ያጣ ቅርጽ) ይሆናል። ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ግን አለ፦ ነጻ ብረት ባለበት ካፌይክ አሲድ ባለ3 ቻርጁን የብረት አዮን ወደ ባለ2 ስለሚቀይረው፣ ይኸው አዮን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ጎጂውን የሃይድሮክሲል ራዲካል ሊያስገኝ ይችላል።