ገዳዩን ወደ መጀመሪያው አምጣው

ችግሩ መጨረሻው ላይ አይደለም። «ሐሳቡ ጠንካራ ሆኖ ሳለ የጻፍኩት የ45 ደቂቃ የቴሌቪዥን ወንጀል ድራማ ክፍል መጨረሻው ላይ ለምን ይቀዘቅዛል?» ላልከው፣ ተመልካቹ ገዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በ35ኛው ደቂቃ ስለሆነ ነው። የማያውቁት ሰው ሲያዝ ማንም አይደነግጥም።

1. ገዳዩን በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አስገባው፤ ግን በሌላ ሰበብ። ለምሳሌ የሟቿን ቁልፍ ሊመልስ የመጣ ጎረቤት ይሁን።

2. የሚያጋልጠውን ማስረጃ ተመልካቹም ከመርማሪዋ ጋር እኩል ይየው። አሁን በጻፍከው ላይ በስልክ የመጣ የላብራቶሪ ውጤት ሁሉንም ይፈታዋል፤ የእሷ ብልሃት የታለ? መርማሪዋ ከልጇ ጋር የተጣላችበት ትዕይንት ግሩም ነው፤ ከምርመራው ጋር ግን አይገናኝም። ያ ጠብ ሐሳቧን ሰርቆት ቁልፉን ልብ ሳትለው ትለፍ፤ በኋላ ስህተቷ ይቆጫት። ለእኔ የክፍሉ ያልተነካ ሀብት ይኼ ነው።

3. ገዳዩ ጥፋቱን የሚናዘዝበትን ትዕይንት አሳጥረው።

ገዳዩ ቀድሞ ይታወቅብኛል ብለህ አትስጋ። በ1971 እ.ኤ.አ. በተከታታይ መታየት የጀመረው የአሜሪካ የመርማሪ ፖሊስ ድራማ «ኮሎምቦ» አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩን ከመነሻው ያሳይ ነበር፤ ልብ የሚሰቅለው እንዴት እንደሚያዝ ማየቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ይህንኑ ችግር ሳስተካክል ጥርጣሬውን ለመበተን ብዬ ተጠርጣሪዎቹን ከ3 ወደ 6 አሳደግኳቸው። ያነበቡልኝ ሰዎች ስማቸውን ከማምታታት አልፈው ሟቹ ማን እንደነበረ ጠየቁኝ። ሦስቱን አውጥቼ የቀረውን ጊዜ ለሟቹ ሕይወት ስሰጠው ነው ክፍሉ በእግሩ የቆመው።