ዝዋይን በጀልባ ዞሮ ገንዘብ ማሰባሰብ፦ ለለገጣፎው ጠያቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ለገጣፎ ነው የምኖረው። በትንሽ የሸራ ጀልባ የዝዋይን ሐይቅ ዳር ዳሩን ዞሬ ለኩላሊት ሕሙማን ገንዘብ ማሰባሰብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ብለሃል። ከመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ ሳቁብህ። የቀሩት «ጀግና!» ብለው ልብ ለጥፈው ሄዱ። እኔ አድርጌዋለሁ። ገላን ነው ሰፈሬ፣ ሥራዬ አናጺነት ነው። አንተም ጀልባዋን ራስህ ልትሠራት አስበሃል ብዬ ነው የምቀጥለው። ስለ ዋናና ስለ ላይፍ ጃኬት አልነግርህም። እሱን ካላወቅክ ውኃው አጠገብ አትድረስ።

1. ደብዳቤ። ከጀልባዋም ከሸራውም በፊት ደብዳቤ። እኔ በራሴ ስም ማመልከቻ ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ደጁን የጠና ያውቀዋል። መስኮቱ ስር የተቀመጠው ሰውዬ ማመልከቻዬን ጮክ ብሎ አነበበና «ባሕር በሌለበት አገር መርከብ?» አለ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ቀጠለና «ሊብሬዋን አምጣ» አለኝ። የጀልባ ሊብሬ! ኮምፔንሳቶው ገና ግቢዬ ውስጥ ተደርድሮ ኮላ እየጠበቀ ነው እኮ። ሊብሬ የላትም ስለው «ታዲያ በምን ትንቀሳቀሳለች?» ብሎ አፈጠጠብኝ። በነፋስ ማለት አማረኝ፣ ዋጥኩት። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሳምንቱ ሥልጠና ላይ ናቸው። ከዚያ ፋይሉ ጠፋ። ራሱ የከፈተውን ፋይል «የምን ፋይል?» አለኝ።

መላውን ያገኘሁት ዕድራችን ውስጥ ካሉ እናት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። «ልጄ፣ አንተ ምን ቤት ነህና ትጽፋለህ? ገንዘቡ የሚገባለት ድርጅት ይጻፍልህ። ግልባጭም አብዛበት» አሉኝ። ድርጅቱ በራሱ ማህተም ለባቱ ከተማ አስተዳደር ጻፈ። ግልባጭ ለፖሊስ፣ ግልባጭ ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣ ግልባጭ ለእኔ። ግልባጭ የበዛበት ደብዳቤ ይፈራል። አንዱ ቢተኛበት ሌላው እንዳየው ያውቃላ። አንድ ኮፒ በላስቲክ ጠቅልለህ ጀልባዋ ውስጥ አኑር። አይሱዙ ላይ ተጭና ስትሄድ ኬላ ላይ ያለ ሁሉ ሸራውን ገልጦ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል።

2. ገንዘቡ። በግል ሒሳብህ አንዲት ብር እንዳትገባ። ከማታውቀው ሰው ሁሉ ብር ሲጎርፍ ባንኩ ይጠይቅሃል። ባንኩ ባይጠይቅ ጎረቤት ይጠይቃል፣ የጎረቤቱ ይብሳል። የድርጅቱ የባንክ ሒሳብና የድርጅቱ ቴሌብር ይለጠፍ፤ አንተ ጀልባህን ንዳ። ውጭ ያለ ዘመድህ ጎፈንድሚ ልክፈት ካለህ፣ ጎፈንድሚ እዚህ አገር ላለ ባንክ አይከፍልም። የሚወጣው እዚያ በሚኖር ሰው ስም ነው። ያ ሰው ማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«በኪሎ ሜትር ይህን ያህል እሰጣለሁ» የሚልህን ሰው ደግሞ አትመን። ስትመለስ ስልክ አያነሳም። አንድ ኩባንያ አርማውን ቲሸርታችን ላይ አሳትሞ፣ ፎቶውን ተነስቶ፣ ብሩን ረሳው። የከፈሉት እነማን ናቸው? የገላን ዕድርተኞች፣ የጉሊት ሴቶች፣ የባጃጅ ልጆች። ሳልነሳ በፊት፣ ጀልባዋ ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር ቆማ ሳለች ነው የሰጡኝ። ቫርኒሽ እየቀባሁ የሰጪውን ስም ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም እጽፍ ነበር። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የአባታቸውን ስም ይፈልጋሉ። ስሙ የጠፋበት አባት ማታውኑ ከፍሎ ይሄዳል። የኮምፔንሳቶ፣ የኮላና የመኪና ወጪ ግን ከራስህ ኪስ ይሁን። ደረሰኙንም ለጥፍ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እጥበት የሚጠብቅ ሰው ገንዘብ ነው።

3. ልምምድ። ለገዳዲ ቅርቤ ነው ብለህ እንዳታስብ። እሱም ገፈርሳም ከተማው የሚጠጣው ውኃ ነው። እኔ ደግሞ አባ ሳሙኤል ቅርቤ ነው፤ አቃቂ ወንዝ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ የሚገባበት። ሽታው ሲገርምህ እምቦጩ መቅዘፊያ ይይዛል። ይልቅ ቢሾፍቱ ውረድ፣ ባቦጋያ ተለማመድ። ግን እንዳያታልልህ። ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ነፋሱን ይከልልልሃል። ዝዋይ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው። ርዝመቱ 31 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 9 ሜትር ቢሆን ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «እሰይ» ይላል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱን ሳትወጣ ሌላው ይመጣብሃል። ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ይነሳል። እንደ አስጋሪዎቹ በ12 ሰዓት ተነሳ፤ 5 ሰዓት ሳይሞላ ዳር ውጣ። የሸራ ጀልባ ነው ብለህ ነፋስ አትመኝ።

ዳሩን ተጠግቼ እሄዳለሁ ብለሃል። ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ራቅ በል። ራቅ ስትል ደግሞ መረብ አለ። የምታውቀው በላዩ በሚንሳፈፈው ባዶ ሃይላንድ ነው። ተደርድሮ ካየህ በመሃል አትለፍ፣ ዙረው። እኔን አንዱ ያዘኝ። ባለ መረቡ ልጅ ያወረደብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። የተቀደደበትን አስከፈለኝ፤ ደግም አደረገ። ለምን እንደምዞር ስነግረው ከዚያው ላይ ሃምሳ ብር ቆጥሮ «ለኩላሊቱ» ብሎ መለሰልኝ።

ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ እደር። ደብረ ጽዮን ገዳም ያለበት ነው፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ተቀመጠች ይላሉ። የደሴቱ የዛይ ሰዎች ጀልባ ያውቃሉ። ኮምፔንሳቶዬን በጣታቸው እየቆረቆሩ ፈተሹት። አንድ ሽማግሌ ከሥሯ ጎንበስ ብለው አይተው «ማን ሠራት?» አሉኝ። እኔ አልኳቸው። «ታስኬዳለች» አሉ። የምስክር ወረቀት ከጠየቁህ የእኔ ይኼ ነው።

ገንዘቡ ለድርጅቱ የተሰጠ ዕለት የፊት ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ሊብሬ አምጣ ያለኝ ሰውዬ! ፎቶው ላይ የቼኩን አንድ ጫፍ ይዞ የሚስቀው እሱ ነው።

4. ከመነዳሪ። ሁለት የተነፉ የመኪና ከመነዳሪዎች ከመቀመጫው ሥር ጥብቅ አድርገህ እሰር። ብትገለበጥም አትሰምጥም፣ ይዘሃት ትቆያለህ።

የአይሱዙውን ደግሞ የመሄጃና የመመለሻ ዋጋ አንድ ላይ ተዋዋል። ጀልባ ታቅፎ ባቱ ላይ የቆመ ሰው የትም እንደማይሄድ ሾፌሮቹ ያውቃሉ። እኔን የመሄጃውን እጥፍ ነው የጠየቁኝ፤ ያውም ከላይዋ ቲማቲም ሊጭኑባት።