መልስ፦ የሙዝ ዳቦው መሃሉ ለምን ይሰምጣል?
እህቴ፣ ለባዛር የምትጋግሪው የሙዝና የለውዝ ዳቦ መሃሉ እየሰመጠ አስቸግሮኛል፣ ቀድሜ ብጋግረውስ ይደርቃል ወይ ብለሻል። አዲስ አበባ ከሆንሽ ጥፋቱ የቤኪንግ ፓውደሩ ነው ባይ ነኝ። የውጭ አገር አሠራር እንዳለ ከወሰድሽ፣ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይበስል ይወድቃል። ሩብ ያህሉን ቀንሺ። ዱቄቱ ከገባ በኋላም ብዙ አታማስዪው። ሙዙ ልጣጩ የጠቆረው፣ ሻጯ ልትጥለው ያለችው ይሁን (ጣፋጩ እሱ ነው፣ ደግሞም ርካሽ)። ጾም ላይ ከዋለ ቅቤና እንቁላሉን ተዪው፣ ዘይትና አንድ ተጨማሪ ሙዝ ይበቃል። መድረቁ አያሳስብሽ፣ እንዲያውም በማግስቱ ይጥማል። ብቻ ትኩሱን በላስቲክ አትጠቅልዪው፤ እኔ አንዴ ቸኩዬ ጠቅልዬ፣ አልቦ ሻገተብኝና ስድስቱንም ጣልኩ። ለውዝ እንዳለበትም ጻፊበት፣ አለርጂ ያለበት ልጅ አይጠፋም።